ጫማ ያዥዋ

ቅዳሜ ሳይነጋ፣ ሐይፋ ታች ከተማ፣
ታማራይ ጎንበስ አለች፣ አወለቀች ጫማ።
«ያዢልኝ፣ አካ» አለች (በሷ ቋንቋ፣ እህቴ)፤
ላስቲክ ነጠላ ጫማ፣ ተረከዙ ያለቀ፣ ገባ ከብብቴ።
ያሳ ቤቱ ደጅ ላይ አንድ ድመት ቆሞ
ያየናል እንደ ዘበኛ፣ በኛ ተገርሞ።
«ኦንድሩ» አለች፤ አንድ። በልቤ እኔም አንድ።
ደረጃው ሽቅብ ሄደ፣ በየቤቱ መሐል፣ እንደ ተጣለ ገመድ።

ስለት አለባት።
ልጇ አምና ሲታመም፣ እዚያ በሀገሯ፣
እዚህ ያቶ ዘልማንን ትራስ እያቀናች፣ በስልክ ነው ማደሯ።
«ይዳንልኝ ብቻ፣ ያን ያምላኬን ኮረብታ
በባዶ እግሬ ልውጣ» ብላ ቃል ገብታ።
ዳነላት።
ግን ቪዛው ቀጭን ነው፤ አንዴ ከወጡ አይገቡም፤
አቶ ዘልማንም የሌላ ሰው ማንኪያ አይቀበሉም፤
ስለት ደግሞ እንዳራጣ ነው፣ ሌሊትም አይተኛም።
ሰባት መቶ ግድም ነው ያገሯ ደረጃ፤
ስለዚህ የሐይፋን፣ ካንዱ ሰፈር ካንዱ፣
ቀጣጥላ ሰፋችው፣ እስኪሆን ባንድ መንገዱ።

መቶ አርባው ላይ አረፍን፣ ከጋዝ ሲሊንደር ጎን።
በሰባራ ዕብራይስጥ፣ የኔም ሰባራ ነው፣
«እዛ ላይ ያለው አምላክ» አለችኝ «ልጅ ነው።
አኩርፎ ነው የወጣው።
እናትና አባቱ አንድ ፍሬ ይዘው
‹ዓለምን ዞሮ የቀደመ ይውሰደው›
ቢሉ፣ እሱ ባሕሩን ተሻገረ ጣዎሱን ጋልቦ፤
ወንድሙ ግን የትም ሳይሄድ እናት አባቱን ዞረ ከቦ፤
‹ዓለሜ እናንተ ናችሁ› አለ። ፍሬዋን በላት።
ያኛው ሲመለስ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ ልጣጯን አያት።»

ሳቅሁ። ሳቄ ግን መሐል ላይ ተሰበረ።
እኔም አንድ አለኝ፣ ዓለምን የዞረ።
ከውትድርና ሲወጣ፣ ቦርሳ አዝሎ፣ ህንድ ሄደ፤
ፎቶ ላከ፣ ካንድ መቅደስ ደጅ፣ ጸሐይ ፊቱን የማገደ።
አባቱ፣ ካልጋው ላይ፣ ስልኩን አቅርቦ አርቆ
«ማን ቤት ነው የቆመው?» አለኝ ስቆ።
በሳምንቱ ሞተ።
ታናሹ ነበር ካልጋው ዙሪያ የዞረ፣ ያጠበ፣ ያጎረሰ፤
ያባቱን ሰዓት ሰጠሁት። ትልቁ በወሩ ተመለሰ።
የወንድሙን አንጓ አየው። ምንም አልተናገረ።
እዚሁ ካርሜል ጫፍ ገባ፤ ስልክ ቁጥር ቀየረ።

ይህን አልነገርኳትም። ተነሳን።
ልጅ ሳለሁ ለስግድ፣ ሰው ድንጋይ አዝሎ ሲወጣ ተራራ፣
እኔም ጠጠር ይዤ ነበር፣ ከትልልቆቹ ተራ።
ዛሬ የሰው ጫማ።
ምን ይለኝ ነበር ቄሱ? እንጃ። ከላይ ሆኖ ይስማ።

ጫፍ ስንደርስ ወደቡ ከታች ጭጋግ ለብሷል።
ኮኮነቷን አወጣች፤ መታቻት ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ፣
አንዴ፣ ሁለቴ፤
ከፎቅ መስኮት ተከፍቶ አንድ ሰው በሩስኛ ተሳደበ፤
በሦስተኛው ለሁለት ሆነች፤ ውሃዋ ተረከዟ ላይ ዘነበ።
«አለቀ?» አልኳት። ጣቶቿን ቆጥራ ራሷን ነቀነቀች፤
«ስድስት መቶ ሃያ ነው» አለች።
«ሰማንያ ይቀራል። ሌላ ደረጃ የት አለ?»

ዝም አልኩ።
ሦስት ፌርማታ አልፎ፣ አራት ፎቅ ነው ያለበት፤ አሳንሰር የለውም።
ከሥሩ ስንቴ እንደተመለስኩ ቆጥሬ አላውቅም።

ወላጆቹ ግን፣ ብላኛለች፣ ደክሟቸው ከጫፉ ሲደርሱ
«ፍሬውስ አንተ ነህ» አሉት፤ የኮረብታው ስም ከዚያ ነው፣ በነሱ።
ወረደ ወይ? አልኳት። አልወረደም አለች። ሰው ነው የሚወጣለት።

ጫማዋን ዘረጋሁላት፤ እንቢ አለች፣ ስለቷ አላለቀ።
እንግዲያው ጎንበስ አልኩ። የኔም ጫማ ወለቀ።
አስፋልቱ ይቀዘቅዛል።
የኮኮነቷን ግማሽ ሰጠችኝ።
«ከዚህ ወዲያ አንቺ ቁጠሪ» አለችኝ።